አምስት ዕቃ በአንድ ስልክ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ልዩ ልዩ የእጅ ዕቃዎችን ትቶ በአንድ ስልክ መገልገል ይጠቅማልን ወይስ ይጐዳል?» የሚል ነው። እኛም ነገሩን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከዚሁ ከፎገራ ሜዳ፥ ከየቤታችን ጀምረን ለማየት አስበናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደኅና ኑሮ ባለው የፎገራ ገበሬ ቤት ሬዲዮው ከምሰሶው ላይ ይሰቀል፥ በድንጋይ የሚሠራው የእጅ ባትሪ ከመደቡ ራስጌ ይቀመጥ ነበር። አባወራው ሰዓት ያስራሉ። ተማሪ ካለ ካልኩሌተርና የዶክተር አምሳሉ አክሊሉ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት አይጠፋም። ፎቶግራፍ ያማረው ሰው ደግሞ ወረታ ድረስ ሄዶ ከፎቶ ቤት ይቀመጣል። ዛሬ ይህ ሁሉ ከአንድ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመርም የገንዘብ ቦርሳው ሳይቀር ተከትሎ ገባ።

ይህን ያመጡት ውድ ስልኮች ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖክያ 1100 ካሜራም ኢንተርኔትም አልነበረውም፤ ነገር ግን አቧራ የማይበግረውና ከአናቱ ላይ መብራት ያለው ስለ ነበረ በዓለም ከ200 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የሠሩት ሰዎች የኤሌክትሪክ መብራት በሌለበት መንደር የሚያድር ሰው አስቀድሞ ምን እንደሚፈልግ በደንብ የገባቸው ይመስለናል።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። በየጊዜው ድንጋይ መግዛት ቀርቷል። ገበሬው ሩዙን ጭኖ ወረታ ከመድረሱ በፊት ዋጋውን ደውሎ ያውቃል። በ2006 ዓ.ም. 8028 የተባለው የገበሬዎች የምክር መስመር በተከፈተ ጊዜም ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ስለ እርሻው በቋንቋው ምክር ለመስማት ችሏል። እርግጥ ነው፥ ስልኩ ሁሉን ነገር በሙሉ አልተካም። የብዙው ስልክ ሬዲዮ የሚይዘው ኤፍ ኤም ብቻ ነው፤ እሱንም አንቴና የሚሆነው የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ካልተሰካ አይዝም። የአያቶቻችን ሬዲዮ የሚስበውን አጭር ሞገድ ከዚያ ማግኘት አይቻልም። ሰዓቱም ቢሆን ሰባት ሲል እኛ አንድ ብለን እያረምን እናነበዋለን፤ ይህ ግን ለምደነዋልና አያስቸግርም።

ይልቅስ ብዙ ያልተነገረለት አንድ ጉዳይ አለ። ዕቃዎቹ አምስት በነበሩ ጊዜ የሚይዟቸውም ሰዎች ልዩ ልዩ ነበሩ። ባትሪው ሌሊት ላም ስትወልድ ወይም ልጅ ሲታመም የሚነሡት የእናት ነበር፤ ሰዓቱ የአባት፥ ካልኩሌተሩ የተማሪው፥ ሬዲዮው የቤቱ ሁሉ ነበር። ስልኩ ግን የሚገባው ከአንድ ሰው ኪስ ነው። አባት ገበያ ሲወጡ መብራቱም ወሬውም ገንዘቡም አብሯቸው ይወጣል። እናት ከምድጃው አጠገብ በኩራዝ ይቀራሉ።

ከገጠር ቀበሌ መጥተን ወረታ ቤት ተከራይተን የምንማር ተማሪዎች ይህን ነገር በየሳምንቱ እንከራከርበታለን። እሑድ ስንቃችንን ይዘን ስንመለስ «ስልኩ ለጥናት ይሂድ ወይስ ከቤት ይቅር?» ይባላል። ከሄደ የ8ኛ ክፍል ፈተና የምትጠብቀው እኅታችን የምታጠናበት መብራት የላትም። ከቀረ ደግሞ እኛ እንቸገራለን። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ለወንዱ ልጅ እንደሚፈረድ የታወቀ ነው።

ክረምቱም ሌላ ነገር ያመጣል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት፥ ይልቁንም በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ሆነው ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል፥ በጨለማ መብራትና የዘመድ ስልክ ቁጥር እኩል ያስፈልጋሉ። ባትሪ ውሃ ቢገባው የሚጠፋው መብራት ብቻ ነው፤ ስልክ ውሃ ሲገባው ግን ቁጥሩም ፎቶግራፉም አብሮ ይሄዳል። ሩዝ የሚያርሙ ሰዎች ስልካቸውን በፌስታል የሚጠቀልሉት ወደው አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ ደግሞ ሌላ ትምህርት አገኘን። ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ በእርግጥ ስልኩ ውስጥ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታወቀ። መብራቱ፥ ካልኩሌተሩና አስቀድሞ የተጫነው መዝገበ ቃላት ሠሩ፤ ከኢንተርኔት የሚመጣው መጽሐፍና የፈተና ጥያቄ ግን ቆመ። በወረቀት መጽሐፍ የነበረው ተማሪ ያን ዓመት ብዙ ሰው ደጁን ይጠናው ነበር።

ስለዚህ ስልክ የገባበት ቤት ባትሪውንና ሬዲዮውን እንዳይሸጥ ወላጆቻችንን እንለምናለን። የዘመድ ቁጥር በደብተር ይጻፍ። እኛ ደግሞ በአንድ ክፍል ሦስት ሆነን የምንኖር ተማሪዎች አዋጥተን አንድ በፀሐይ የሚሞላ መብራት ለመግዛት፥ መዝገበ ቃላቱንም ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተራ በተራ ለመዋስ ተስማምተናል። ከመጪው እሑድ ጀምሮ የእኅቶቻችን ፈተና እስኪያልፍ ድረስ ስልኩ ከቤት ይቀራል።