አንድ መስኮት፥ ብዙ ቁልፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከጅቡቲ ወደብ ጭነው በጋላፊ በኩል የሚገቡትን ከባድ መኪናዎች እኛ የዲቾቶ ልጆች ዕለት ዕለት እናያቸዋለን። ከእያንዳንዱ ጭነት በስተኋላ ግን ሌላ የማይታይ ጉዞ አለ፤ እርሱም የወረቀቱ ጉዞ ነው። ቀድሞ ነጋዴው ወደ ጉምሩክ፥ ወደ ባንክ፥ ጭነቱ መድኃኒት እንደ ሆነም ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወረቀቱን ይዞ ይመላለስ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ሲጀመር የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው ይላላኩ ጀመር።

እንግዲህ ቤቶቹ በአንድ መስኮት ከተገናኙ፥ ማን ወደ ማን ጓዳ ይግባ? በእኔ አስተያየት መልሱ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፥ ሰውን ማወቅና ለሰው መፍቀድ የተለያዩ ናቸው። ኮምፒውተሩ በይለፍ ቃል ማንነትን ከለየ በኋላ፥ «ይህ ሰው ይህን ሥራ ሊሠራ ይገባዋልን?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መድኃኒት የሚመረምር ሠራተኛ የመድኃኒቱን ዓይነት ይመልከት እንጂ የነጋዴውን የባንክ ሒሳብ ማየት አያሻውም።

ሁለተኛ፥ መልእክተኛው ፕሮግራም በላኪው ፈቃድ ልክ እንጂ በራሱ ሰፊ ሥልጣን አይግባ። አሜሪካዊው ኖርም ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳስረዳው፥ የክፍያ መዝገብ ባለበት ሥፍራ ለመጻፍ የተፈቀደለት አንድ ፕሮግራም ነበረ። ያልተፈቀደለት ተጠቃሚ የዚያን መዝገብ ስም ለሥራው ውጤት ማስቀመጫ አድርጎ ቢሰጠው፥ ፕሮግራሙ በላዩ ጽፎ መዝገቡን አጠፋው። ፕሮግራሙ ታዛዥ እንጂ ሌባ አልነበረም፤ ጉዳቱን ያመጣው የያዘው ቁልፍ ነው።

ሦስተኛ፥ ቁልፉ ለአጭር ጊዜ የሚሠራ ይሁን፤ የገባውም ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ። ሠራተኛው ሲዛወር ስሙ በአንደኛው ኮምፒውተር ተሠርዞ በሌሎቹ ቢቀር፥ በሩ እንደ ተከፈተ ነው።

ፈቃዱ ከልክ በላይ ቢጠብ ሾፌሩ በዚህ ሐሩር ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ይውላል፤ ከልክ በላይ ቢሰፋ ደግሞ የነጋዴው ምሥጢር ገበያ ይወጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም የሰው መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዳይባክን ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ነገ እነዚህን ኮምፒውተሮች የምናገናኘው እኛ ነን። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ ቁልፉን ለክተን የምንሰጠው ቤቶቹ ከመገናኘታቸው በፊት ይሁን።