ቤት አከራይ የሕግ ምክር መጠየቅ የሚገባው መቼ ነው?



በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ደመወዝተኛው ከብዙ ዓመት ቁጠባ በኋላ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ፣ በግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ወይም አንድ የጋራ መኖሪያ ቤት ገዝቶ ማከራየት ነው። ለጡረታ ዘመን መደገፊያ ይሆናል የተባለው ይኸው ንብረት ግን ባለቤቱን የፍርድ ቤት ደጅ ጠኚ ሲያደርገው በተደጋጋሚ ይታያል። የዚህ ንግግር ዓላማም የኪራይን ሕግ በሙሉ መዘርዘር ሳይሆን፣ አከራዩ ወደ ሕግ ባለሙያ መሄድ የሚኖርበት ጊዜ የትኛው እንደ ሆነ ማመልከት ነው።

አብዛኛው ሰው ጠበቃ የሚፈልገው መጥሪያ ሲደርሰው ነው። ያን ጊዜ የባለሙያው ሥራ መምከር መሆኑ ቀርቶ የተበላሸውን መጠገን ይሆናል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ለደላላ የሚከፍለውን ሳያመነታ የሚከፍል ሰው፣ ለምክር የሚከፈለው ሲበዛበት ማየት የሚያስገርም ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ ቤቱ ከመገዛቱ በፊት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ይህ እየታወቀ፣ በዕጣ የተገኘ የጋራ መኖሪያ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ የተጣለውን ክልከላ ለማለፍ ሲባል፣ ገንዘቡ ሁሉ ተከፍሎ በገዢው እጅ የሚቀረው የውክልና ወረቀት ብቻ የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም በመሠረቱ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ገዢ ነኝ ባዩ ከወራሾች ጋር ይፋጠጣል፤ ሲሰበስብ የኖረው ኪራይም ጥያቄ ይነሣበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ችላ የተባለው ነው። ቤት ለመሸጥ የባልና ሚስት ስምምነት እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል፤ ለማከራየትም እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየትም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱ ስምምነት አስፈላጊ መሆኑን ደንግጓል። ስምምነቱን ያልሰጠው ወገን ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ከሁለት ዓመት ሳያልፍ፣ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤቱን ሊጠይቅ ይችላል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ ቤቱ የሚገኝበት ቦታ ሕግ መታየት አለበት። እንግዲህ ባል ብቻውን ፈርሞ ያከራየው ሱቅ፣ ተከራዩ መደርደሪያ ሠርቶ ዕቃ ከሞላበት በኋላ ውሉ ሲፈርስ፣ ኪሣራው የማን ይሆናል?

ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በዋሺንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር ሰው ለወንድሙ ጠቅላላ ውክልና ልኮ ቤቱን ያሳድራል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራን ሲሆን፣ ኪራይን በሚመለከት ይህ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ውልን ብቻ ይጨምራል። ወንድምየው ለባንክ ቅርንጫፍ ወይም ለመድኃኒት መደብር የአምስት ዓመት ውል ቢፈርም ከሥልጣኑ አልፏል። ልዩ ውክልና በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ሲችል፣ ባለመጻፉ የወንድማማቾች ፍቅር ይደፈርሳል።

ሦስተኛው ጊዜ ውል ሲፈረም ነው። እዚህ ላይ በዕድሜ የገፉት አባሎች የሚያስታውሱት አለ፦ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሲሆን፣ ግለሰብ ቤት ማከራየቱም ተከልክሎ ነበር። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዲህ የተገለባበጠ ሕግ ባለበት አገር፣ ጎረቤት ከዓመታት በፊት የተጠቀመበትን የውል ቅጽ ገልብጦ መፈረም ድፍረት ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። ጭማሪም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ፣ መንግሥት በሚወስነው መጠን እንጂ በአከራዩ ፍላጎት አይደረግም። «ለስድስት ወር ልስጥና ልየው» የሚል አከራይ፣ ወረቀቱ ላይ ስድስት ወር ቢጽፍም ሕጉ አይከተለውም። ለንግድ የሚከራይ ቤት ግን በዚህ አዋጅ ሥር አይወድቅም፤ መኖሪያውን ወደ ቢሮነት የሚለውጥ ሰው የሚገዛው ሕግ አብሮ መለወጡን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ለቧንቧ ብልሽት፣ ለቀለም ወይም ለመብራት ቆጣሪ ጭቅጭቅ ጠበቃ ማቆም ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን ሽማግሌ ይጨርሰዋል።

ተከራዩ አልከፍልም ወይም አልለቅም ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው። አከራዩ ተናዶ ቁልፍ ይቀይራል፣ መብራት ያቋርጣል፣ ዕቃ ያወጣል። እውነት የነበረው ሰው በዚያች ቀን ከሳሽ መሆኑ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ከመጻፉና ክሱ ከመመሥረቱ በፊት፣ ቁልፉም ከመነካቱ በፊት፣ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ ውክልና ካለ ውክልናውን፣ የተመዘገበውን ውልና ኪራዩ የተከፈለበትን የባንክ ደረሰኝ ይዞ ወደ አማካሪው ይሂድ።