ከቀብድ በፊት ቤቱን እንየው
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተነሣነው ለዕድሩ ዕቃ ማስቀመጫ የሚሆነውን ቤት ስንገዛ የገጠመንን ለመናገር ነው። ገንዘቡ የእናንተ ስለሆነ የሆነውን ሳንሸሽግ ማቅረብ ግዴታችን ነው።

እንደምታስታውሱት ቤቱን ያየነው በጥር ነው። መሐል ሜዳ ላይ በጥር የማያምር ቤት የለም፤ ፀሐይ ነው፣ ደረቅ ነው። ግድግዳው አዲስ ተመርጎ ኖራ ተቀብቷል። ወደድነው። በ600 ሺህ ብር ተስማማንና በማግስቱ 60 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ቀሪውን ከመክፈላችን በፊት አንድ ግንበኛና አንድ አናጺ ይዘን ተመለስን። አናጺው ብዙም አልተናገረ፤ በጓሮ በኩል ያለውን ግድግዳ ሥር ሥሩን በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አደረገው። ድምፁ እንደ ባዶ ቅል ነበር። ምርጊቱ ሲፈለፈል አምስት ቋሚ ከመሬት እስከ ጉልበት በስብሶ ተገኘ። ጣራው አሸንዳ ስለሌለው የክረምቱ ውሃ ሁሉ የሚወርደው እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ግንበኛው ደግሞ መሠረቱን አሳየን። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱንም አብሮ ያላውሰዋል። አንዱ ማዕዘን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከገደሉ በታች ማጀቴን ያፈረሰውን፣ ካራቆሬንም ክፉኛ የጎዳውን የመሬት መንቀጥቀጥ ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። እንዲህ ባለ አገር የተሰነጠቀ ማዕዘን ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ከመካከላችን “ውሉ ይፍረስ፣ ቀብዳችንን እንቀበል” ያልን ነበርን። ሕጉን ያየነው፣ ማየት የነበረብን ቀድሞ ቢሆንም፣ ያን ጊዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። እኛ ደግሞ “ቤቱ ተመርምሮ ጉድለት ቢገኝ” የምትል አንዲት መስመር እንኳ አላስጻፍንም። ስለ ጉድለት ፍርድ ቤት መሄድ ይቻል ነበር። ግን ማንን ልንከስ? ሻጯ የዕድራችን አባል ናቸው፤ ባላቸውን የቀበርነው እኛው ነን። ምርጊቱንም እንደ የዓመቱ ለጥምቀት ብለው መረጉት እንጂ ሊሸፍኑበት አልነበረም።

ስለዚህ ሁለት ሽማግሌ ይዘን ሄድን። የጥገናውን ሒሳብ አናጺውና ግንበኛው በየዕቃው ጽፈው ሰጥተውናል፦ ቋሚ፣ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ አሸንዳ፣ የእጅ ዋጋ፤ በድምሩ 84 ሺህ ብር። “እትዬ፣ ቤትዎን ልናጣጥል አልመጣንም” ብንልም ከፋቸው። “ልጆቼን ያሳደግሁበት ቤት በሰበሰ ትሉኛላችሁ?” አሉ። ክርክር አልገባንም፤ ወደ ጓሮ ይዘናቸው ሄድን። እጃቸውን ከቋሚው ሥር አስገብተው ብናኙን አወጡና ዝም አሉ። “ይህንስ እኔም አላወቅሁ” አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ደግሞ እውነት ነበራቸው፦ ቆርቆሮውን በቅርብ ጊዜ አስለውጠዋል፤ እኛ ያንን አልቆጠርንም። በ60 ሺህ ቅናሽ፣ በ540 ሺህ ብር ተስማማን። እስከ ፋሲካ እዚያው ይቆዩ ዘንድም ለመኑን፤ እሺ አልን።

አዲሱን ዋጋ በቃል አላስቀረነውም። ሕጉ በቁጥር 1723 የቤት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ስለሚያዝ ውሉን እንደገና ጽፈን ውልና ማስረጃ አስመዘገብን። ካርታውንም ከአጥሩ ጋር አስተያየን። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ መሬት የመንግሥት ነው፤ የሚሸጠው ቤቱ ብቻ ስለሆነ በካርታው ያልተጻፈ ጓሮ ላይ ዋጋ መክፈል ከንቱ ነው።

ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ አናጺውን ከቀብዱ በፊት ውሰዱት። ከተቻለም በነሐሴ፣ ዝናብ ሲጥል እዩት። ሻጮችም ብትሆኑ የምታውቁትን ስንጥቅ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ዋጋው ያኔውኑ ይቆረጣል፣ ኋላ መቀያየም አይመጣም።

የበሰበሱት ቋሚዎች የሚለወጡት በመጪው ቅዳሜ ነው። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ጠዋት በ2 ሰዓት ይምጣ።