የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብና የአንኮበር መንገድ



በሜይ ወር 1841 እ.ኤ.አ. «ኤፍራጥስ» የተባለች የሸራ መርከብ ከኤደን ተነሥታ በታጁራ መልሕቋን ጣለች። መርከቢቱ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ንብረት ስትሆን፥ ያሳፈረችውም በሻምበል ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ እየተመራ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ የተላከውን ልዑክ ነበር።

ኩባንያው በስሙ ነጋዴ ይባል እንጂ የሕንድ ንግድ ብቸኛ መብቱን በ1813፥ የቻይናውን ደግሞ በ1833 አጥቶ፥ በዚያን ጊዜ በግብር የሚተዳደር ገዥ ሆኖ ነበር። ኤደንንም በ1839 በጦር ይዟል። ስለዚህ ከመርከቢቱ የወረደው የሚሸጥ ሸቀጥ ሳይሆን መድፍ፥ ጠመንጃና ገጸ በረከት ነው።

የመርከቢቱ ኃይል ግን በታጁራ ዳርቻ አበቃ። ከዚያ ወዲያ ጭነቱ በግመል ሆነ። መንገዱ ከባሕር ወለል በታች 150 ሜትር ያህል ዝቅ ካለው ከአሳል ሐይቅ ተነሥቶ፥ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ አንኮበር ይወጣል። በጉዞው ላይ ሁለት ወታደሮችና አንድ ፖርቱጋላዊ በሌሊት ተገደሉ፤ የቀሩት በጁላይ አበጋዝ ወላስማ መሐመድ ወደሚጠብቁት የፋሪ ኬላ ደረሱ።

በዚህ መንገድ የአፋር ሲራራ ከማንኛውም የኩባንያ መርከብ አስቀድሞ የአሳልን ጨው ወደ አልዩ አምባ የዓርብ ገበያ ያወጣ ነበር። ሲመለስም ቡናና የዝሆን ጥርስ ያወርዳል፤ ሊሸሸግ የማይገባው፥ ባሪያም ያወርድ ነበር።

ኖቬምበር 16 ቀን 1841 ባለ 16 አንቀጽ የንግድ ውል ተፈረመ። ንጉሡ በአገራቸው የሚሞተውን የውጭ ሰው ንብረት መውረስን ተዉ፤ ሕዝቡ ውድ ዕቃ እንዳይገዛ የሚከለክለውን ሥርዓት አነሡ፤ የመንገደኛውንም መግቢያና መውጫ ፈቀዱ። በለውጡ የሚፈልጉትን የጦር መሣሪያ አገኙ።

ሆኖም ከታጁራው ሱልጣን ጋር በ1840 ሌላ ውል ቢደረግም፥ በመካከል ያለው በረሃ በየጎሳው እጅ ነበር። የበረሃው ባለቤቶች በአንኮበሩ ውል አልፈረሙም። ሐሪስ በ1843 ተመለሰ፤ ሣህለ ሥላሴ በ1847 ዐረፉ፤ የኩባንያውም አገዛዝ በ1858 አከተመ። ውሉ የተጠበቀውን ንግድ ሳያመጣ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ጨው የጫነው ግመል ግን ወደ አልዩ አምባ መውጣቱን አላቋረጠም።

ወደብ የሌለው አገር ከባሕር ማዶ ካለው ኃያል ጋር ቢዋዋል፥ የውሉ ዕድሜ የሚለካው በመርከቡ ግዝፈት ሳይሆን በመንገዱ ላይ ከሚኖረው ጎረቤት ጋር ባለው ስምምነት መሆኑን የአንኮበር ታሪክ ያስረዳል።