ስለ ሕፃናት ሾርባ አሠራርና ንጽሕና ለእናቶች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ በየቤታችሁ ስለምትሠሩት ነገር፥ ይኸውም ስለ ሕፃን ሾርባ ነው። «ሾርባ መሥራት ማንን ያቅታል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ማንንም አያቅትም። ነገር ግን በብዙ ቤት ሾርባው ከበሰለ በኋላ ለልጁ የሚደርሰው መረቁ ብቻ ነው። ምስሩ፥ ድንቹና ካሮቱ ከድስቱ ሥር ይቀርና ትልልቆቹ ይበሉታል። «ገና ሕፃን ነው፤ ሆዱ አይችለውም» ይባላል። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ይሁን፤ ምግቡ ያለው በፍሬው ነው እንጂ በመረቁ አይደለም።

ምክንያቱን ላስረዳ። የእናት ጡት እስከ 6 ወር ድረስ ለሕፃኑ ብቻውን ይበቃዋል፤ ውሃም እንኳ አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላ ግን ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይቋረጥ፥ ሌላ ምግብ ሊጨመርለት ይገባል። ልጁ ሲድህና ድክ ድክ ሲል ብዙ ኀይል ያወጣል፤ አጥንቱም፥ ሥጋውም፥ አእምሮውም ፈጥኖ የሚያድገው በዚሁ ጊዜ ነው። ሆዱ ግን ትንሽ ናት። ይህችን ትንሽ ሆድ በቀጭን መረቅ ብትሞሏት ልጁ የጠገበ ይመስላል፤ ይተኛልም። ያገኘው ግን ውሃ ስለ ሆነ ብዙ ሳይቆይ እያለቀሰ ይነሣል። ይህ ወር ከወር ሲደጋገም ልጁ ይቀጭጫል። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ከ100 ልጆች 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የቀረውን እድገት በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ ጥሩ ሾርባ ሦስት ዐይነት ምግብ ይኖርበታል። አንደኛው ሰውነትን የሚገነባ ነው፤ እንደ ምስር፥ አተር፥ እንቁላልና ሥጋ ያለው። ሁለተኛው ሙቀትና ኀይል የሚሰጥ ነው፤ እንደ ድንች፥ ሩዝ፥ አጃ፥ ዘይትና ቅቤ ያለው። ሦስተኛው ከበሽታ የሚከላከል ነው፤ እንደ ካሮት፥ ጎመን፥ ዱባና ቲማቲም ያለው። ከየወገኑ አንዳንድ ካለበት ሾርባው ሙሉ ነው። ሁሉም ከገበያችን የሚገኝ ስለ ሆነ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣ ነገር መፈለግ የለብንም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። 1 ዓመት ለሞላው ልጅ ለአንድ ጊዜ የሚበቃው 2 የሾርባ ማንኪያ ምስር ክክ፥ 1 ትንሽ ድንች፥ ግማሽ ካሮት፥ 2 የጎመን ቅጠል፥ 1 እንቁላልና 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ነው። ምስሩን ልቀሙና እጠቡ፤ በ2 ብርጭቆ ውሃ ጣዱት። ምስሩ መፍረክረክ ሲጀምር ድንቹንና ካሮቱን አድቅቃችሁ ክተፉና ጨምሩ። አትክልቱን ሳትከትፉት እጠቡት እንጂ ከከተፋችሁት በኋላ አትጠቡት፤ የቀቀላችሁበትንም ውሃ አትድፉት፤ ጥቅሙ አብሮ ይፈሳልና። ድንቹ ሲበስል ጎመኑን ዘንጉን አውጥታችሁ፥ ቅጠሉን አድቅቃችሁ ጨምሩ። በመጨረሻ እንቁላሉን መትታችሁ እያማሰላችሁ አፍስሱ፤ ዘይቱንም ጨምሩና 5 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ፍሬውን ሁሉ ጨፍልቁት። ለትንንሾቹ አልሙት፤ ከፍ ላሉት ግን ትንሽ ጎርበጥ ይበል፤ ማኘክ ይለምዳሉ።

መወፈሩን እንዴት እናውቃለን? ማንኪያውን ጠልቃችሁ አዘንብሉት። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ገና ነው፤ ማንኪያው ላይ ከቆመ ግን ደርሷል። በርበሬ አይግባበት። 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ ጨው አያስፈልገውም፤ ለሞላው ግን አዮዲን ያለው ጨው በጣት ቁንጥር ብቻ፥ ድስቱ ሊወርድ ሲል ጨምሩ። ከወረደም በኋላ ጥቂት የሎሚ ጠብታ ቢያገኝ፥ በምስሩ ያለውን ብረት የልጁ ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል። ማር ግን 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ በጭራሽ አይሰጥም።

«ጾም ነው፤ የጾሙን ዕቃ በፍስክ አላስነካም» የምትሉ እናቶች አላችሁ። ይህ ሊናቅ የሚገባው ነገር አይደለም። ነገር ግን ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታዝም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ድክ ድክ ለሚል ልጅ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለልጁ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት፥ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ ለዩ። እንዲህ ከሆነ የእናንተም ጾም ይጠበቃል፥ ልጁም እንቁላሉን አይቀማም፤ ዕቃው ለብቻ ስለሚታጠብም ንጽሕናው ይጠበቃል።

ስለ ንጽሕና ካነሣን፥ ብዙ ጊዜ ልጁ ምግብ በጀመረ ሰሞን ሲያስቀምጠው «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ይባላል። ጥርስ ግን ተቅማጥ አያመጣም። ጥርሱ የሚወጣበትና ምግብ የሚጀምርበት፥ መሬት ላይ የሚድህበትም ጊዜ አንድ ስለ ሆነ ነው። ተቅማጡን የሚያመጡት በእጅ፥ በውሃ፥ በዝንብና በዋለ ምግብ ወደ ሆዱ የሚገቡ ተሐዋስያን ናቸው። ስለዚህ ምግብ ከመሥራታችሁና ከማብላታችሁ በፊት፥ ከመጸዳጃ ቤት ስትመለሱ፥ ልጁንም ከጠረጋችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ከጠፋ ዐመድም ይሆናል። የልጁንም እጅ አትርሱ። ጡጦ ለማጠብ አስቸጋሪ ነውና በኩባያና በማንኪያ አብሉት። ምግቡን በአፋችሁ አላምጣችሁ አትስጡ።

ደግሞ የአንድ ጊዜውን ብቻ ሥሩ። የምሳው ሾርባ እስከ እራት ክፍል ውስጥ ከዋለ፥ ጠረኑ ሳይለወጥ ተሐዋስያን ይራቡበታል። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ የቆየውን ለልጁ አትስጡ። ልጁ ከሳሕኑ ያስተረፈውንም አታስቀምጡለት።

መጠኑስ? 6 ወር የሞላው ልጅ በ2 ወይም በ3 ማንኪያ ይጀምርና ቀስ በቀስ ሩብ ሊትር በሚይዝ ኩባያ እስከ ግማሽ ይድረስ፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ከ9 ወር ጀምሮ ግማሽ ኩባያ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፤ 1 ዓመት ከሞላው በኋላ ደግሞ ከሩብ ጎደሎ እስከ ሙሉ ኩባያ ይብላ። ልጁን አጋድማችሁ በእጃችሁ አትጋቱት፤ ትን ሊለውና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቁጭ አድርጉት፥ አጫውቱት፥ ታገሡት።

ልጁ ሲታመም ምግብ አትከልክሉት፤ ጡቱንም ሾርባውንም ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ቶሎ ቶሎ ስጡት፤ ሲሻለውም በቀን አንድ ጊዜ ጨምሩለት። ተቅማጥ ከያዘው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ዐይኑ ከሰረጎደ፥ መጥባት ካቃተው፥ ደም ከቀላቀለ፥ ወይም እግሩ ካበጠ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ያበጠ ልጅ ወፈረ ማለት አይደለም።

እንግዲህ ነገ ምሳ ስትሠሩ ከልጁ ሳሕን ጀምሩ። ፍሬውን አስቀድማችሁ ለእርሱ አውጡ፤ መረቁ ለእኛ ለትልልቆቹ ይቅር። እኛ በእንጀራ እንጠግባለን።

 ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።