ቢራቢሮ ፍለጋ በሱባ ጫካ

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ቢራቢሮ ነው። «መምህር፣ ሌላ ወሬ አጡ?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ስሙኝ።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ተማሪዎቼን ይዤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ሄድሁ። ጥዱና ዝግባው የጥንት ነው፤ በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጥድ አስተክለውበታል ይባላል። ለልጆቹ ደብተርና እርሳስ እንጂ መረብ አልሰጠሁም።

ገና በሁለት ሰዓት ደረስን፤ አንዲትም ቢራቢሮ የለች። ልጆቹ አኮረፉ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ቢራቢሮ ደረቷን ፀሐይ ካላሞቀላት መብረር አትችልም፤ ክንፏን አጥፋ ቅጠል ሥር ትቀመጣለች። እናንተም ብትሄዱ ቁርሳችሁን ቀስ ብላችሁ ብሉ፤ ከአራት ሰዓት በፊት አትድከሙ።

ፀሐይ ዛፎቹ መኻል ያለውን ገላጣ ስትመታው ነጩም፣ ቢጫውም፣ ጥቁሩም ብቅ ብቅ አለ። ሁሉም ሲያንጋጥጥ አንዲት ተማሪ ብቻ ሳማ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቀረች። ቅጠሎቹ በቀጭን ድር ተሰፍተዋል። በእንጨት ገለጥ ብታደርገው ውስጡ እሾሃም ጥቁር ትል ተኝቷል። «አባ ጨጓሬ ነው፤ ግደይው!» አለ አንዱ። ለካ የቢራቢሮ ልጅ ነው! እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ልጇ የሚበላው ቅጠል ላይ ነው። ትሉ ይበላል፣ ቆዳውን እየጣለ ያድጋል፣ ኋላ ቁልቁል ተሰቅሎ ደረቅ ቅጠል በሚመስል ሽፋን ውስጥ ይሰነብትና ባለ ክንፍ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ወገን ሳማ ይፈልጋል፣ ሌላው የሎሚ ቅጠል። ቅጠሉ ከሌለ ምድሩ አበባ ቢሞላም እዚያ አይራባም።

ልጅቱ ቀና ብላ፣ «ታዲያ መምህር፣ በሰኔ የትምህርት ቤቱን ሳማ ሁሉ ያስነቀሉን እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ። ምን ልበላት? «እኔ ነኝ» አልኋት። ልጆቹን ይለበልባል ብዬ ነበር፤ ደግሞም ይለበልባል።

ከዚያ ሽቅብ ወደ ወጨጫ ወጣን። ተራራው ከ3,300 ሜትር ያልፋል፤ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ ብቻ ይቀራል። ነፋሱ ብርቱ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ያገኘነው ሁለት ብቻ፣ የሞቀ ድንጋይ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው። «ብርቱካናማ፤ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ ነጭ ነጠብጣብ አለበት» ብለን ጻፍን። የዚህ ወገን ቢራቢሮዎች በመጸው ከአውሮፓ ተነሥተው፣ ሰሐራን አቋርጠው አፍሪካ ይደርሳሉ። ልጆቹ «አይ መምህር!» ብለው ሳቁብኝ። አንዱ ግን ክንፉን በስንዝሩ ለካው፤ ሩብ ስንዝር እንኳ አይሞላም።

ሰኞ ጧት ክረምቱ እንደገና ካበቀለው ሳማ፣ ልጅ በማያልፍበት ጥግ ያለው እንዳይነቀል ለጥበቃችን ለአባባ ነገርኋቸው። «ለሳማ ደግሞ ዘበኛ?» አሉኝ። እናንተም ጓሮ ሳማ ካለ፣ ከመንቀላችሁ በፊት የተሰፋውን ቅጠል በእንጨት ገለጥ አድርጉና እዩ። ቀኑንና ያያችሁትን ጻፉ።