ከንፋስ ጋር ግብግብ

እሷ፦ አንድ አድማጫችን ለሞተሩ አውራ ጎዳና ላይ የሚሰማ ስፒከር ይፈልጋል። 500 ዋት የሚለውን ይግዛ፣ አይደል?

እሱ፦ ኧረ ቆይ! ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ ነው። አርኤምኤስ የሚለውን ይይ፤ ሳይቋረጥ የሚችለው እሱን ነው።

እሷ፦ ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁም እጥፍ ነዋ!

እሱ፦ የት! 3 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው። ይልቅ ስፒከሩ ከንፋስ መከላከያው ጀርባ ሆኖ ወደ ፊቱ ይዙር።

እሷ፦ ሄልሜቱስ?

እሱ፦ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ የንፋሱ ጩኸት ብቻ 90 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ ሙዚቃ ሲጨመር ጆሮ አለቀለት።

እሷ፦ እንግዲያው ሄልሜት ውስጥ የሚገጠመው ብሉቱዝ ይሻላላ።

እሱ፦ ለእኔ አዎ፣ ልክ ከጆሮ ትይዩ ከተለጠፈ። ትንሽ ወረድ ካለ ቤዙ ድራሹ ይጠፋል። የጆሮ መድፈኛም ይጨምርበት።

እሷ፦ ጆሮ ደፍኖ ሙዚቃ? ቀልድህን ነው?

እሱ፦ መድፈኛው ንፋሱንም ሙዚቃውንም ይቀንሳል፤ ሙዚቃው ከፍ ቢል እንኳ ጆሮ ጋ የሚደርሰው ረጋ ብሎ ነው።

እሷ፦ የከባድ መኪና ጡሩምባስ?

እሱ፦ እሱ ላይ ልክ ነሽ፤ መስማት አለበት። ብሉቱዙን አንድ ጆሮ ብቻ ላይ ቢያደርገውስ?

እሷ፦ እኔ ሙዚቃውን ጭራሽ ቢያጠፋው እመርጣለሁ።